በአሜሪካ የጦር መሣሪያ መብት ክርክር ሰውን አክብሮ፣ አድማጭን አሳምኖ መናገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ የከተማ ምክር ቤት ስብሰባዎች፣ በዩኒቨርሲቲ አዳራሾችና በምርጫ መድረኮች ስለ ጦር መሣሪያ መብት ለመናገር የሚዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አሉ። መልሶቹ የተጻፉት መብቱ እንዲሰፋ ለሚሟገትም ሆነ ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ ለሚሟገት እኩል እንዲያገለግሉ ታስቦ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ማሳመን ያለብኝ ማንን ነው?

ፊት ለፊትዎ የተቀመጠውን ተከራካሪ አይደለም። እርሱ ሐሳቡን ቆርጦ፣ ደጋፊዎቹን ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ በመድረክ ላይ ተሸንፌአለሁ ብሎ እንዲነሣ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል። ሊያሳምኑት የሚገባው ሰው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ነው፦ የአደን ጠብመንጃ በቤቱ እያለው ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ የሚሠጋው አባት፣ ወይም መሣሪያ በእጇ ነክታ የማታውቅ ነገር ግን ቤቷ በቅርቡ ተሰብሮ ሽጉጥ ልግዛ አልግዛ እያለች የምታመነታው ሴት። ፒው የምርምር ማእከል በ2023 ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአሜሪካ አዋቂዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት የራሳቸው መሣሪያ እንዳላቸው፣ ከአሥሩ አራት ያህሉ ደግሞ መሣሪያ ባለበት ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ተናግረዋል። ስለዚህ በአብዛኛው አዳራሽ ውስጥ ባለመሣሪያውና መሣሪያ የሌለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በተቃራኒው ወገን ተወካይ ላይ የወረወሩት ስድብ የሚያርፈው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው፤ ወንድማቸውን፣ ሚስታቸውን ወይም ራሳቸውን ሰድበዋልና። አክብሮት በዚህ ክርክር ውስጥ ከማሳመኑ ሥራ ተለይቶ የሚታይ ጨዋነት ብቻ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉን ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

የሕግ ባለሙያ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ነገር ግን ሁለተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነቡ ስለ እርሱ መናገር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በ1791 የጸደቀው ይህ ማሻሻያ በእንግሊዝኛው 27 ቃላት ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መነሻው በሚገባ የተደራጀ ሚሊሺያ ለነጻ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን ይናገራል፤ መድረሻው ደግሞ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይጣስ ይደነግጋል። ለረጅም ጊዜ የዘለቀው ሙግት የፊተኛው ክፍል የኋለኛውን ይገድበዋል ወይስ ምክንያቱን ብቻ ይገልጻል የሚል ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር ጉዳይ፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ማሻሻያው በሚሊሺያ አባልነት ላይ ያልተመሠረተ የግለሰብ መብት እንደሚጠብቅ ወሰነ፤ በዚህም ከ1976 ጀምሮ በዋሽንግተን ዲሲ ጸንቶ የቆየውን የሽጉጥ ክልከላ ሻረ። በ2010 በማክዶናልድ ጉዳይ ይኸው መብት ግዛቶችንና ከተሞችንም እንደሚገዛ ተወሰነ። በ2022 በብሩን ጉዳይ፣ ከቤት ውጭ ሽጉጥ ለመያዝ የተለየ ምክንያት ማቅረብን ግዴታ ያደረገው የኒውዮርክ ሕግ ወደቀ፤ ፍርድ ቤቱም ከዚያ ወዲህ አንድ የመሣሪያ ሕግ የሚመዘነው ከአገሪቱ የቆየ የሕግ ታሪክ ጋር ባለው መስማማት እንደሆነ አሳወቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን፣ በ2024 በራሂሚ ጉዳይ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እግድ የተጣለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ አጸና።

እነዚህን አራት ውሳኔዎች በቅደም ተከተል የሚያውቅ ተናጋሪ በየስብሰባው ከሚሰሙት ሁለት ስሕተቶች ይድናል። የመጀመሪያው የቁጥጥር ደጋፊዎች ስሕተት ነው፤ «ማሻሻያው ስለ ሚሊሺያ ብቻ ነው» የሚለውን ዛሬ የሚሠራ ሕግ አድርገው ያቀርቡታል። አቋሙ ክብር ያለው አቋም ነው፤ በሄለር ጉዳይ አራት ዳኞች መብቱን ከሚሊሺያ ጋር አያይዘውታልና፣ «የተለዩት ዳኞች ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ» ማለት ይቻላል። ያልተሻረ ሕግ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ ግን አድማጭን ማሳሳት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከመብት ተሟጋቾች ወገን የሚሰማው ሲሆን፣ «አይጣስም ማለት ማንኛውም ገደብ ሕገ ወጥ ነው» የሚል ነው። ሄለርን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ራሳቸው መብቱ ወሰን የለሽ እንዳልሆነ፣ ከባድ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎችና የአእምሮ ሕሙማን መሣሪያ እንዳይዙ የሚከለክሉ የቆዩ ሕጎችም ሆኑ እንደ ትምህርት ቤት ባሉ ስፍራዎች መሣሪያ መያዝን የሚከለክሉ ሕጎች በውሳኔው ጥያቄ ውስጥ እንዳልገቡ በግልጽ አስፍረዋል። ተቃዋሚዎ ይህንን ከእርስዎ አፍ ሲሰማ ቀሪውንም ሊያዳምጥዎ ይችላል።

የመሣሪያ ስም ወይም አሠራር ብሳሳት ምን ያህል ይጎዳኛል?

ብዙ ይጎዳዎታል። መሣሪያ የሚያውቅ አድማጭ በመጀመሪያው ስሕተት ጆሮውን ይዘጋል፤ «ምን እንደሆነ የማያውቀውን ነገር ሊከለክለኝ ነው የመጣው» ብሎ ይደመድማልና። ሙሉ አውቶማቲክ መሣሪያ ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ መተኮሱን አያቋርጥም፤ በግማሽ አውቶማቲኩ ግን ለእያንዳንዱ ጥይት ምላጩን እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። መትረየስ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ምዝገባና ግብር ሥር ያለ መሣሪያ ሲሆን፣ በ1986 የወጣው ሕግም ከዚያ ወዲህ የተሠራ መትረየስ በተራ ዜጋ እጅ እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ «ማንም ሰው ሱቅ ገብቶ መትረየስ ገዝቶ ይወጣል» የሚል ንግግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈርሳል። «ኤአር-15» በሚለው ስም ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላትም አርማላይት የተባለውን የመጀመሪያውን ኩባንያ ያመለክታሉ እንጂ ብዙዎች እንደሚመስላቸው «የጥቃት ጠብመንጃ» ማለት አይደሉም። ከ1994 እስከ 2004 የጸናው የፌዴራል ክልከላ «የጥቃት መሣሪያ» ያለው በስም የተዘረዘሩ ሞዴሎችንና የተወሰኑ የአሠራር ምልክቶች፣ ለምሳሌ የሽጉጥ ዓይነት መያዣ ወይም የሳንጃ መግጠሚያ፣ አብረው የተገኙባቸውን መሣሪያዎች ነበር፤ ግዛቶች ደግሞ የየራሳቸው ፍቺ አላቸው። እንዲከለከል የሚጠይቁ ከሆነ የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ፍቺ እንደሆነ ይናገሩ።

ይህ ግን ከሌላው አቅጣጫም ግዴታ ያስከትላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህኛው ነው። መሣሪያ የሚያውቁ ተናጋሪዎች እውቀታቸውን ሌላውን አፍ ማስያዣ ሲያደርጉት በተደጋጋሚ ይታያል። አንዲት እናት የጥይት ካዝናውን በተሳሳተ ስም ጠርታ፣ «ይህን ያህል ጥይት የሚይዝ ነገር ለምን ይሸጣል?» ብላ ብትጠይቅ፣ ስሙን አርሞ መቀመጥ መልስ አይደለም። ስሙን በትሕትና ያርሙ፤ ከዚያም ጥያቄዋን ይመልሱ። በ2017 በላስ ቬጋስ ከሆቴል መስኮት በሙዚቃ ዝግጅት ታዳሚዎች ላይ የተኮሰው ሰው የተጠቀመበት፣ ግማሽ አውቶማቲክ ጠብመንጃን ከመትረየስ በተቃረበ ፍጥነት የሚያስተኩስ ባምፕ ስቶክ የተባለ መግጠሚያ ጉዳዩን በሚገባ ያሳያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 መግጠሚያው በሕጉ ቃል መሠረት ጠብመንጃን ወደ መትረየስ አይለውጥም ሲል ስድስት ለሦስት ወስኗል። የቴክኒክ ልዩነቱ በሕግ ፊት ክብደት አለው፤ በሜዳው ላይ የነበሩት ሰዎች ግን የሰሙት ድምፅ የመትረየስ ድምፅ ነበር። ሁለቱንም እውነቶች በአንድ ትንፋሽ መናገር የሚችል ሰው በሁለቱም ወገን ይደመጣል።

ቁጥሮችን እንዴት ልጠቀም?

በጥቂቱ፣ ከነትርጉማቸውና ከነጉድለታቸው። በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል። ይህን ቁጥር ብቻውን የሰማ ሰው 48,830 ሰዎች እንደተገደሉ ያስባል፤ ከእነዚህ ውስጥ ግን 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ሲሆኑ፣ በሰው እጅ የተገደሉት 20,958 ናቸው። ልዩነቱን ሳይናገሩ ጠቅላላውን ቁጥር ለወንጀል ክርክር ማዋል ተገቢ አይደለም፤ ተቃዋሚው ልዩነቱን ሲያወጣውም ቀሪው ንግግርዎ ሁሉ ይጠረጠራል። ነገር ግን «አብዛኞቹ ራሳቸውን ያጠፉ ስለሆኑ አይቆጠሩም» የሚለው መልስ ከዚያ የባሰ ነው። እነርሱም ሰዎች ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ የእነርሱ ወላጆችና ልጆች ተቀምጠው ይሆናል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በፌዴራል ምርመራ ቢሮ መረጃ መሠረት በ2019 በጦር መሣሪያ ከተፈጸሙት 10,258 ግድያዎች ውስጥ ጠብመንጃ የተመዘገበባቸው 364 ሲሆኑ፣ ሽጉጥ የተመዘገበባቸው 6,368 ነበሩ። የመብት ተሟጋቾች ይህን ሲጠቅሱ ትክክል ናቸው፤ የዕለት ተዕለቱ ግድያ በአብዛኛው የሚፈጸመው በሽጉጥ ነው። ሐቀኛ ተናጋሪ ግን የመሣሪያው ዓይነት ያልተገለጸባቸው ከሦስት ሺህ በላይ ግድያዎች በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳሉም ይጨምራል። ይህን መጨመር ነጥቡን አያደክመውም፤ ተቃዋሚው ሊመዘው የነበረውን ካራ ግን ከእጁ ይወስድበታል።

ከሁሉ የሚያጨቃጭቀው ሰዎች በዓመት ስንት ጊዜ በመሣሪያ ራሳቸውን ይከላከላሉ የሚለው ነው። ጋሪ ክሌክና ማርክ ገርትዝ በ1995 ባወጡት ጥናት ግምቱ 2.5 ሚሊዮን ደርሷል፤ መንግሥት በየጊዜው የሚያካሂደው የወንጀል ሰለባዎች ዳሰሳ የሚሰጠው ግምት ደግሞ በመቶ ሺህ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው ወገን ስለዋሸ አይደለም። የመጀመሪያው አምስት ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች በስልክ ከቀረበ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ መላው አገር የተሰላ በመሆኑ፣ ጥቂት ሰዎች ቢሳሳቱ ወይም ቢያጋንኑ ውጤቱ እጅግ ይለጠጣል። ሁለተኛው ስለ መከላከል የሚጠይቀው ቀድመው የወንጀል ሰለባ መሆናቸውን የተናገሩትን ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን በዚያ መልክ የማያዩት ሰዎች ከቁጥሩ ያመልጣሉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንደ ማያጠራጥር እውነት ከማቅረብ፣ ለምን እንደተራራቁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት እጅግ የበለጠ እምነት ያተርፋል።

የተቃዋሚዬን ሐሳብ አጠንክሬ ማቅረብ ለእርሱ መሥራት አይሆንብኝም?

አይሆንም። ማንም ሰው ሐሳቡ ተጣሞ ሲቀርብ ከሰማ በኋላ ቀሪውን የሚያዳምጠው የማስተባበያ ቀዳዳ ሲፈልግ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ የሌላውን አቋም በራስዎ ቃላት ሲያቀርቡ «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ይላል?

ለምሳሌ አንድ ሰው በራሱ ወይም በሌላ ላይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል ተብሎ ሲሠጋ ፍርድ ቤት መሣሪያውን ለጊዜው እንዲወሰድ የሚያዝባቸውን፣ በተለምዶ «ቀይ ባንዲራ» የሚባሉትን ሕጎች እንውሰድ። የመጀመሪያው በኮነቲከት በ1999 ወጣ፤ በ2018 በፓርክላንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ፍሎሪዳን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ተከተሉ። ሕጉን የሚደግፍ ተናጋሪ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦ «ይህን ሕግ የሚቃወሙ ጎረቤቶቻችን ሰው እንዲሞት ስለሚፈልጉ አይደለም የሚቃወሙት። የሚሉት፣ ምንም ወንጀል ያልፈጸመ ሰው ራሱ ባልተገኘበት ችሎት በሌላ ሰው ቃል ብቻ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን ለጊዜው ያጣል፤ የመሰማት ዕድል የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ከባድ ነገር ነው።» ከዚህ በኋላ ሙሉው ችሎት በስንት ቀን ውስጥ መደረግ እንዳለበት፣ በሐሰት የሚያመለክት ሰው ምን ቅጣት እንደሚጠብቀው ማስረዳት ይቀጥላል። ንግግሩ አሁን ስለ ሕጉ አሠራር ሆኗል፤ በዚያ ላይ ደግሞ መስማማት ይቻላል።

ሕጉን የሚቃወመው በበኩሉ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ይህን ሕግ የሚጠይቁት ሰዎች መሣሪያዬን ለመንጠቅ ሰበብ የሚፈልጉ አይደሉም። ምልክቱን አስቀድመው ያዩ፣ ለፖሊስም የተናገሩ፣ ነገር ግን ወንጀል እስኪፈጸም ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም ተብለው የተመለሱ ቤተሰቦች አሉ።» እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ስለ ፍትሐዊ ሥርዓት የሚያነሳው ሥጋት ጭካኔ ተደርጎ አይወሰድበትም።

ከዚሁ ጋር የሰውን ነገር ከመነሻው መረዳት ያስፈልጋል። በ2023ቱ የፒው ጥናት ከመሣሪያ ባለቤቶች 72 በመቶው መሣሪያ ከያዙባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ራስን መጠበቅ እንደሆነ ተናግረዋል። ፖሊስ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ከሚወስድበት የገጠር ቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት «ለፖሊስ ይደውሉ» ስትባል የምትሰማው «የእርስዎ ሕይወት አይገባንም» የሚል ነው። በሌላ በኩል ልጇ በትምህርት ቤት ከተኩስ ጥቃት የመዳን ልምምድ ሲደረግ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የዋለባት እናት «የነጻነት ዋጋ ነው» ስትባል የምትሰማው ያንኑ ነው።

ቤተሰቡን በጥይት ያጣ ሰው ሲናገር ምን ልመልስ?

በመጀመሪያ፣ ወዲያውኑ አይመልሱ። ሐዘንተኛው እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ ስለ ደረሰበት ነገር ሐዘንዎን ይግለጹ፤ ሐዘኑንም ለነጥብዎ መሸጋገሪያ አያድርጉት። «አዝናለሁ፤ ነገር ግን» የሚለው አነጋገር ከ«ነገር ግን» በፊት ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ካልተስማሙ፣ ቆየት ብለው፣ ከሰውየው ሳይሆን ከቀረበው የሕግ ሐሳብ ጋር እንደማይስማሙ ለይተው ይናገሩ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ስለ ጉዳቱ ምስክር ነው፤ የትኛው ሕግ ያንን ጉዳት ይከላከል ነበር የሚለው ግን ለሁሉም ክፍት የሆነ ጥያቄ ነው። በዚያው ልክ፣ በመሣሪያ ራሷን አድና የተረፈች ሴት ስትናገር ለእርሷም ይኸው ክብር ይገባታል።

ብዙ ሰው በተገደለ ማግስት «አሁን የክርክር ጊዜ አይደለም» ማለት ተገቢ ነው ወይ ተብሎም ይጠየቃል። በእኔ እምነት ይህን የማለት መብት ያላቸው የሟቾቹ ቤተሰቦች ናቸው። እነርሱ መናገር ከፈለጉ ማንም ዝም ሊያሰኛቸው አይገባም፤ ዝምታ ከፈለጉም ማንም የልጃቸውን ፎቶግራፍ ይዞ መድረክ ሊወጣ አይገባም።

የሌሎች አገሮችን ምሳሌ መጥቀስ ይጠቅማል?

ሙሉውን ከጠቀሱት ይጠቅማል። በአውስትራሊያ በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መንግሥት ሕጉን አጥብቆ ወደ 650 ሺህ የሚጠጉ መሣሪያዎችን ገዝቶ ሰብስቧል። ይህን የሚጠቅስ ሰው አውስትራሊያ መሣሪያ የመያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላት፣ በአሜሪካ ደግሞ በዜጎች እጅ ያለው መሣሪያ ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የምርምር ተቋም በ2018 ባወጣው ግምት ከ390 ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጥ እንደሆነ ማከል አለበት። ስዊዘርላንድን የሚጠቅስ የመብት ተሟጋችም ብዙ መሣሪያ በሕዝብ እጅ እያለ ግድያ አነስተኛ መሆኑን ሲናገር፣ መሣሪያውን ለመግዛት በአብዛኛው ፈቃድ እንደሚጠየቅ መደበቅ የለበትም።

የዘር ታሪክን ማንሳት ክርክሩን ያበላሸዋል?

ታሪኩ ውስጥ አለና መሸሽ አይቻልም፤ የሚያበላሸው ግማሹን ብቻ ማንሳት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች ዜጎች አይደሉም ሲል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ዜጋ ቢባሉ በሄዱበት ሁሉ መሣሪያ የመያዝ መብት ይኖራቸዋል የሚል ነበር። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ የደቡብ ግዛቶች ባወጧቸው ሕጎች ከባርነት የወጡ ሰዎች መሣሪያ እንዳይዙ ታግደዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1956 ቤታቸው በቦምብ ከተመታ በኋላ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። ካሊፎርኒያ በ1967 በአደባባይ የጎረሰ መሣሪያ መያዝን የከለከለችው የጥቁር ፓንተር አባላት ታጥቀው መዘዋወራቸውን ተከትሎ ነው፤ ሕጉን የፈረሙትም ያኔ የካሊፎርኒያ አስተዳዳሪ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮናልድ ሬገን ናቸው። በማክዶናልድ ጉዳይ ከሳሽ የነበሩት ኦቲስ ማክዶናልድም በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ላይ የነበሩ ጥቁር የቺካጎ ነዋሪ ነበሩ።

ይህን ሁሉ የጠቀሰ ሰው ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ ዘግቶ መሄድ የለበትም። ያው ዘር ዛሬ በጥይት ግድያ ከማንም በላይ የሚጎዳ ነው፤ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያንም ጠበቅ ያለ ሕግ የሚጠይቁት ልጆቻቸውን ስለቀበሩ ነው። በብሩን ጉዳይ የኒውዮርክ የድሆች ተከላካይ ጠበቆች የግዛቱን ሕግ ተቃውመው ለፍርድ ቤቱ ጽፈዋል፤ በሕጉ የሚከሰሱት ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ጥቁሮችና የላቲን ዝርያ ያላቸው ነበሩና። ሰልፉ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፓርቲ መስመር ብቻ አይከፈልም። የሌላውን ሕዝብ ሕመም ለራስዎ ነጥብ በመሣሪያነት እየተጠቀሙበት እንደሆነ ከተሰማዎት ግን፣ ያን ጊዜ አለማንሳቱ ይሻላል።

ተቃዋሚዬ ቢሰድበኝ ወይም ቢያቋርጠኝስ?

መድረክ መሪው ሥራውን እንዲሠራ ይተዉ፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው የተቋረጡበትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይድገሙት። «ነፍሰ ገዳይ»፣ «ፈሪ»፣ «የልጆች ደም በእጅህ ነው»፣ «አምባገነን» የሚሉት ቃላት መልስ አይፈልጉም። ስድቡ ውስጥ የተደበቀ ጥያቄ ካለ ግን ጥያቄውን ፈልፍለው አውጥተው ይመልሱት። «ደም በእጅህ ነው» ያለ ሰው በውስጡ «ለመሆኑ እናንተ ምን መፍትሔ ታቀርባላችሁ?» እያለ ነው፤ ለዚህኛው መልስ አለማዘጋጀት ትልቅ ጉድለት ነው።

በሕዝብ ፊት «ትክክል ነህ» ብል እሸነፋለሁ?

በአንድ ነጥብ ላይ መስማማት ሽንፈት አይደለም። የሬገንን ታሪክ ይመልከቱ፤ በ1981 በጥይት ቆስለዋል፤ በ1986 የመሣሪያ ባለቤቶችን መብት የሚያስከብር የፌዴራል ሕግ ፈርመዋል፤ በ1991 ደግሞ ከሥልጣን ወርደው የብሔራዊ ጠብመንጃ ማኅበር አባል መሆናቸውን ሳይደብቁ፣ በ1981ዱ ጥቃት አብረዋቸው በቆሰሉት በቃል አቀባያቸው በጄምስ ብሬዲ ስም የተሰየመውን የመሣሪያ ገዢዎች ማጣሪያ ረቂቅ ሕግ እንደሚደግፉ በጋዜጣ ጻፉ። ሕጉ በ1993 ጸደቀ። ሰሚው በብዛት የሚያምነው ከራሱ ወገን ተነሥቶ እውነቱን የሚናገረውን ሰው ነው። ስለዚህ ተቃዋሚዎ ያነሳው ማስረጃ ትክክል ከሆነ ወዲያው ይቀበሉት፤ ከዚያ ማስረጃው እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስና የት እንደሚቆም ያሳዩ።

አቋሜን ሳልተው ከተቃራኒው ወገን ጋር መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ የተፈጸመም ነገር ነው። የአርካንሳሱ የሪፐብሊካን ተወካይ ጄይ ዲኪ በ1996 የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ገንዘብ የመሣሪያ ቁጥጥርን ለማራመድ እንዳይውል የሚከለክል አንቀጽ በበጀት ሕግ ውስጥ አስገቡ፤ በስማቸውም «የዲኪ ማሻሻያ» ተባለ። በዚያን ጊዜ በማእከሉ ይህን ምርምር ይመሩ የነበሩት ሐኪሙ ማርክ ሮዘንበርግ ነበሩ። በኮንግረስ ፊት እንደ ባላንጣ የተያዩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ከጊዜ በኋላ መነጋገር ጀመሩ፤ ስለ ልጆቻቸውና ስለ እምነታቸው ተጫወቱ፤ ወዳጆችም ሆኑ። በ2012 በጋራ በጻፉት የጋዜጣ ጽሑፍ በመሣሪያ ጉዳት ላይ ሳይንሳዊ ምርምር መደረግ እንዳለበት ጠየቁ። ዲኪ የመሣሪያ መብት ደጋፊነታቸውን አልተዉም፤ ሮዘንበርግም ጉዳቱን የመቀነስ ዓላማቸውን አልተዉም። የተስማሙበት ነገር ምርምሩ ሁለት ግቦችን፣ ማለትም ሞትን መቀነስንና የሕጋዊ ባለቤቶችን መብት መጠበቅን፣ አብሮ መያዝ እንዳለበት ነው። ኮንግረስ በ2019 መጨረሻ ለዚህ ምርምር 25 ሚሊዮን ዶላር ሲመድብ ዲኪ በሕይወት አልነበሩም።

ከዚህ ያነሰ ስም ያለው፣ ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ምሳሌ በኒው ሃምፕሻየር ይገኛል። በ2009 ሦስት ሰዎች በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ገዝተው ራሳቸውን አጠፉ፤ ሦስቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር። ከዚያ በኋላ የመሣሪያ ነጋዴዎች፣ የተኩስ አሠልጣኞችና የጤና ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ በጭንቀት ላይ ያለ ገዢን እንዴት መለየት እንደሚቻልና ቤተሰብ መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት እንዲያርቅ እንዴት እንደሚመከር የሚያስረዱ ጽሑፎችን አዘጋጁ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛመተ። ማንም ሕግ እንዲለወጥ አልጠየቀም፤ ማንም ስለ ሁለተኛው ማሻሻያ ያለውን እምነት እንዲተው አልተገደደም።

በምክር ቤት ስብሰባ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሰጠኝ ምን ልበል?

ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ለይተው ይጀምሩ፤ የከተማ ምክር ቤት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ሥልጣን የለውም፤ በብዙ ግዛቶችም የመሣሪያ ሕግ ለግዛቱ ብቻ የተተወ ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ ማድረግ የማይችለውን መጠየቅ ሁለቱን ደቂቃ ማባከን ነው። ስምዎንና በከተማው ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖሩ ይናገሩ፤ ጉዳዩ ሕይወትዎን እንዴት እንደነካው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ የሚደግፉትን ወይም የሚቃወሙትን ረቂቅ በቁጥሩ ይጥሩ፤ አንድ ማስረጃ ብቻ ያቅርቡ፤ ከእርስዎ በፊት የተናገረው ሰው ያነሳውን አንድ ትክክለኛ ሥጋት በስሙ ጠርተው ያረጋግጡና ረቂቁ ያንን ሥጋት እንዴት ሊመልስ እንደሚችል፣ ወይም ለምን እንደማይመልስ፣ ይንገሩ። ጽሑፉን ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥተው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት፤ ከአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ካለፈ ይቀንሱለት፤ በስብሰባው ላይ የሚያስፈልግዎት ቀሪው ሃያ ሰከንድ ከፊትዎ የተናገረውን ሰው ሐሳብ የሚያነሱበት ነውና።